ፊት ወደ ውስጥ

የአዳማ ነፋስ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤
ጋራው ላይ ነጭ ክንፍ ሲያዞር ቢውል አይደክም፤
ቀትር ላይ ይወርዳል፣ አቧራውን ጭኖ፣
የማንንም መስኮት የራሱ ነው ብሎ አምኖ።

እኔም ያን ሰሞን መስኮቴን እዘጋለሁ፣
ሁለት መስመር ሙሉ ርዕስ አለኝ፣ ስለ ቁልፍ እጽፋለሁ፦
መልእክት በመንገዱ እንዴት ይመስጠር፣
ሌባ እጅ ቢገባ እንኳ ሳይፈታ እንዲያድር።
ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ቢት ነው ቁልፉ፤
ፀሐይ እስክትሞት ቢሞክሩት አይገኝም ጫፉ።

መምህሬ ወሰንየለህ አነበበ፣ ወደደው፤
በቀይ እስክሪብቶ ግን ኅዳጉ ላይ አንዲት ቃል ጫረ፦
«ሰውስ?»
አልገባኝም። አለፍኩት።

ኦብሴ፣ የክፍል ተጋሪዬ፣ በማታ ሕግ ትማራለች፤
አዋጁን ከትራሷ ሥር ሸጉጣ ትተኛለች፤
እኔ «ኮዱ» ስል፣ እሷ «አንቀጹ» ትለኛለች፤
መብራት ሲጠፋ ግን ሁለታችንም ባንድ ሻማ ነን።

አንድ ማታ ራበኝ፣ ወጣሁ።
ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጅ፣ ከዘምዘም ሰፌድ ፊት
ቆሎ ገዛሁ፤ ገብስ ነው፣ ጥቂት ሱፍ ያለበት፤
እየቆረጠምኩ ስሄድ ጥቅሉ ሲጎድል
ከገብሱ ሥር ሁለት ዓይን፣ ፈዘዝ ያለ ምስል።

የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ፤ ቀለም የጠገበ፣
ጥግ ጥጉን ጨው የነካው፣ በእጄ ላብ የረጠበ።
ስሟ አለ፤ አልጽፈውም። የእናቷ ስም አለ።
የቤት ቁጥሯ፣ ወረዳዋ፣ የደሟ ዓይነት አለ፤
ከታች ደግሞ «ለአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው»፤
አሥሩም አሃዝ፣ አንዱን እንኳ ጨው ያልላሰው።

ደግ የሠራሁ መስሎኝ ደወልኩ።
ስሟን ጠራሁለት። «ምን ሆነች?!» አለ፤
ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ፤ ትንፋሹ ተንጠለጠለ።
«ደህና ናት፣ ማለቴ... አላውቃትም፤ ወረቀት አግኝቼ ነው።»
ዝም አለ። ዝምታው ረጅም ነው።
«ቁጥሬን ከየት አገኘሽው?»
በአምስት ገጽ የጠየቅኩትን ባንድ ትንፋሽ ጠየቀኝ፤
«ከቆሎ ላይ» ልል ስል፣ ቃሉ ጉሮሮዬን አነቀኝ።

በማግስቱ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ጂሬኛ ማሽኑን በጥፊ እየመታ፦
«የተበላሸ ነው እኮ፤ ቀለሙ ሲበዛ
በኪሎ እንሸጠዋለን፣ ለሚገዛ፤
ምን ልታደርጊው ነው?»
ኦብሴ ስትሰማ አዋጁን ገለጠች፤
«ዘምዘም መረጃ ተቆጣጣሪ ናት ወይስ አቀናባሪ?» ብላ ሳቀች፤
ሳቋ መሃል ላይ ቆመ።

ወደ ዘምዘም ሄድኩ፤ ልመክራት፣ ላስተምራት፣
የሰው ገመና ምን እንደሆነ በሁለት ቃል ልነግራት።
«አውቃለሁ» አለች፤ እጇ አላረፈም፣
ወረቀት ያሾራል፣ ሥሩን ይቆልፋል።
«ፊት ያለበት ሲገጥመኝ ወደ ውስጥ ነው የማጥፈው፤
የሰው ፊት አደባባይ አይዘረጋም፣ ነውር ነው።
አንቺማ ያየሽው፣
እስከ ሥሩ ስለቆረጠምሽው ነው።»

ምዕራፍ ሦስት ላይ፣ «ነባር የጥበቃ ዘዴዎች» ከሚለው ሥር
ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ሲል አደረ።
አሳታሚ የለው፣ ዓመት የለው፣ ገጽ የለው፤
የግርጌ ማስታወሻውን በምን ልጀምረው?

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፤ ያው ቁጥር።
«ይቅርታ» አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።
«ከተለያየን ስድስት ዓመታችን ነው።
ዛሬም... ለአደጋ ጊዜ... እኔን ነው የጻፈችው?»

ያን ጊዜ ገባኝ ያፈሰስኩት።
ኮፒ ቤቱ አይደለም፣ ቆሎዋም አይደለች፤
ይህችኛዋ ምስጢር በኔ ድምፅ ነው የወጣች።

«የቤት ቁጥሯስ» አለ፣ ዝግ ብሎ፣ «ይነበባል?»
ነፋሱ መስኮቴን ይገፋል፣ ይመለሳል፣ ይገፋል።
ወረቀቷ ጠረጴዛው ላይ ናት፤ ሦስት ቁጥር፣ ጥርት ብሎ፣
ከጎኑ አንዲት የገብስ ገለባ።
«ጨው በልቶታል» አልኩት።