የትንፋሽ ወረቀት

ሐይቅ ጤና ጣቢያ፣ ክፍል ቁጥር ሦስት፤
ፊቴ የቆመችው የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት።
አሥራ አንድ ዓመቷ፣ ሰዓዳ ይመር፤
ጸጉሯ ገና እርጥብ፣ ሽታዋ የባሕር።
ከኋላዋ ቆሟል አሊጋዝ ጡረተኛው፣
የምጽዋ ባሕር ኃይል የጥልቅ ዋናተኛው፤
ሁለት የአየር ጋን፣ ቀለሙ የለቀቀ፣
ከጅቡቲ ያስመጣ፣ ዕዳው ያላለቀ።
«ዶክተር፣ ሌላ አይደለም፤ አንድ ፊርማ ብቻ።
እንደሷ ጠላቂ የለም በዚህ ዳርቻ።»
(ዶክተር አይደለሁም፤ ጤና መኮንን ነኝ፤
ፊርማ ሲፈልጉ ነው ይህን ስም የሚሰጡኝ።)

ጆሮዋን አየሁት፤ ታምቡሩ ደህና ነው።
ልቧንም ሰማሁት፤ የሮጠ ልጅ ልብ ነው።
ጀርባዋ ላይ ደረስኩ፦ «ሳቢ፤ አሁን ልቀቂ።»
ከትንፋሿ ጫፍ ላይ ፉጨት አለ፣ ቀጭን፣ ተደባቂ።
«አስም አለብሽ ወይ?» «የለም፣ ብርድ ነው» አለች።
አባቷ ከበር ላይ፦ «ሌሊት ታስላለች።»

ምኑ ይገርመኛል? ከሰባት ዓመቷ
ቋጥኝ የያዘውን መረብ ለአባቷ
ስትፈታ ኖራለች፣ ጉንጯን ነፍታ ወርዳ፤
ማን ፊርማ ጠይቆ ያውቃል ለሰዓዳ?

ውኃው ያስተማራት አንዲት ቃል ነበረች፦
«ያዢ!» ይዛ ወረደች፤ ስለያዘች ኖረች።
የጋኑ ሕግ ግን ግልብጥ ነው ጨርሶ፤
ከታች የሳቡት አየር
ወደ ላይ ሲወጡ ያብጣል ተመልሶ።
የያዘ ይቀደዳል፤ የለቀቀ ይተርፋል።
እሷ ብትለቅ እንኳ ያ ፉጨት ይቆልፋል።

ቢከፋስ? ሆስፒታሉ ደሴ ነው፤ ዳገት ነው።
ሽቅብ በወጡ ቁጥር፣ በደም ውስጥ ያለው
አረፋ ይሰፋል። አምቡላንሱ ራሱ
ያከፋባታል፣ ሊያድን በመገስገሱ።

«ለጊዜው ብቁ አይደለችም» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።
ፓፍ ከነቀጠሮው ለአባትየው አዘዝኩ።
አሊጋዝ ዝም አለ፤ ቆቡን አነሳ።
ሰዓዳ ግን ጠየቀች፣ በሩ ጋ ደርሳ፦
«ለመረቡስ?»

ቅጹን አገላበጥኩት።
ለመረብ የተተወ ቦታ የለውም።

አመሻሽ፣ ዳር ቆሜ፣ ታንኳው ተዘነበለ፤
ራሷ ብቅ ብሎ ቁልቁል ኮበለለ።
አሥር። ሃያ። ሠላሳ። ሠላሳንም አለፍኩ።
ለካ ትንፋሼን ይዤ ነው የቆጠርኩ።
አርባ አንድ ላይ ወጣች፣ መረቡን በእጇ ይዛ፤
ሳለች፣ ረጅም ሳል፣ ታንኳው ጠርዝ ላይ ፈዛ።
አባቷ ቆረሶውን ከመረብ ይፈታል።
ፓፉ ከደረት ኪሱ፣
ገና እንደታሸገ፣ ይታያል።