የዓርብ ልብስ

ሌሊቱን ቆሜ አድሬ፣ ፈረቃዬ ሊያልቅ፣
ከመርሲ ወንዝ ጉም ተነሥቶ የቢርከንሄድን መስኮት ሲያንቅ፣
ዐይኔ ከእንቅልፍ ጋራ እየተናነቀ
ወረቀት ሞላሁ፤ የአንዲት ሴት ዘመን በሦስት መስመር አለቀ።

"ዶሪን ሄስኬዝ። ሰማንያ አራት ዓመት።
አንደኛ፣ የሳንባ ምች። ሁለተኛ፣ የልብ ድክመት።
ሦስተኛ፣ እርጅና።"
እስክሪብቶዬ ደርቆ ሁለቴ አራገፍኩት፤
ጠብ ሲል ፈረምኩና ለጸሐፊዋ ሰጠሁት።
ሞት ምክንያት አያጣም ይባላል። እኔም አላሳጣሁት፤
ደጅ ላይ የቆመውን፣ ቅርብ ያለውን አንሥቼ አቀበልኩት፤
ቤቴ ሄጄ ተኛሁ።

ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ። "ኢሜልዳ ፈርሎንግ ነኝ።
ከምድር ቤት። ስለ ዶሪን አንድ ነገር ንገረኝ።"

በዝና አውቃታለሁ። ከማሞቂያው ክፍል ጎን
መስኮት በሌላት ቢሮ የምታነብ የሙታንን ቀን፤
አልጋ የላትም፣ ተረኛ አይደለችም፣ መርፌ አትወጋም፤
የዶሪንን እጅ አልያዘችም፣ ሳሏን አልሰማችም፤
ከአለቃዬ ጋር እራት፣ ከእኔ ጋር ሻይ የላትም።
ለዚህ ነው የመረጧት፤ ያላከመ ያንብበው፣
ያልተጠቃቀመ ይመዝነው፣ ያልፈራ ይጠይቀው
ብለው።

"ሳንባዋ ለምን ታመመ?" ድምጿ ዝግ ያለ ነው።
"ሰማንያ አራት ዓመቷ እኮ ነበር።" "እሱማ ዕድሜዋ ነው።
እኔ የጠየቅኩህ ሌላ ነው።"

ወረቀት ስትገልጥ ሰማሁ። "የዛሬ ሦስት ዓመት የተነሣችው ራጅ፣
ከሌላ ክሊኒክ የመጣ፣ ከፋይሉ ጀርባ የተወሸቀ፣ የማን እጅ
ነክቶት ያውቃል?" የእኔ እጅ አልነካውም።
"የሳንባዋ ሽፋን ወፍሯል ይላል። ማንም አላነበበውም።"

ለልጇም ደውላ ነበር፤ ለማንም እንደምትደውለው።
"ያልገባሽ ነገር አለ? የሚከነክንሽ? ሰው ያልጠየቀሽ? በዪው።"
ሎርና ስለ ቀዘቀዘ ሾርባ፣ ስለ ጠፋ መነጽር አወራች፤
የእናቷን ፀጉር ያበጠረች የሌሊት ነርስ አመሰገነች፤
ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ እንደ ዋዛ፣ ይህን አለች፦

"አባቴ መርከብ ፋብሪካ ቧንቧ ሲያለብስ ኖረ፤
ዓርብ ዓርብ ቱታውን በር ላይ ያወልቅ ነበረ።
እናቴ ጓሮ አውጥታ ታራግፈዋለች፤
ነጭ ብናኝ ይነሣል፤ ግድግዳ ላይ ትገርፈዋለች፤
ከዚያ ታጥበዋለች። እኛ ልጆቹ ከሥር
በረዶ ጣለ እያልን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ስንዞር።"

እሱ ቧንቧ አለበሰ፤ እሷ ልብሱን አጠበች፤
ያጠበችውን አቧራ ሃምሳ ዓመት ለበሰች፣
በውስጥ በኩል።

ሌሊት እስክሪብቶ ያራገፍኩበትን እጄን አየሁት።

ወረቀቴ ተመለሰ። ጉዳዩ ለአሟሟት መርማሪው ዳኛ ተመራ።
ቀብሩ በዘጠኝ ቀን ዘገየ። አበባው ታዟል፣ ቄሱ ተጠርቷል፣
የሩቅ ዘመድ ባቡር ቆርጧል።
ሎርና በስልክ አለቀሰች፦ "ምነው አፌ በተዘጋ ኖሮ!"
ማንም መልስ አልነበረውም። እኔማ ጭራሽ።

ቁጣ ጠብቄ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ።
ዶክተር ፈርሎንግ ወንበር ሳበች፤ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ።
ብስኩት ለሁለት ገምሳ ትልቁን ለእኔ ሰጠች፤
የጃኬቷን ፍርፋሪ ጠረገች፤
"ስምህን ከመጻፍህ በፊት ስማቸውን አንብበው" አለች፣
"ሁለት ጊዜ።"
ሌላ ፋይል ገፋችልኝ። ዓሣ ይሸጥ የነበረ ሽማግሌ።
አነበብኩ። ማሞቂያው ግድግዳውን አልፎ ይጓጉራል፤
ላይ፣ በመንገዱ፣ አምቡላንስ ያለ ጩኸት ይገባል።

አንድ ጥያቄ ግን ከመዝገቡ አልሰፈረም፤
ለሟች አልነበረም፤ ሎርናም አልመለሰችም።
ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ፣ ከዝምታው ወዲያ
ጉሮሮ ሲጠረግ መሰለኝ ብላኛለች፣
ዶክተሯ እንዲህ ስትላት፦

"አንቺንስ፣ ሎርና፣ ያስልሻል?"