ዓምድ ያልተገኘለት

መናኸሪያው ሳይኖር፣ ሜዳው ረግረግ ሳለ፣
የሐይቅ ከተማ «አበድሩኝ» አለ።
ቦንድ ነው ወረቀቱ፣ ማኅተም ያለበት፣
የአሥር ዓመት ቀጠሮ የተጻፈበት።
ጦይባ እንድሪስ መጣች ከሽንኩርት መደቧ፣
ከመቀነት ወጣ ሰባት ሺህ ገንዘቧ።
ደረሰኝ ስቆርጥላት ጣቷን አጠቆረች፤
«ከተማ ተበድሮ የት ይሸሻል?» አለች።

አይሸሽም፤ ግን ዕዳ ከየት ይከፈላል?
ሒሳብ ሹም ነኝና ብዕሬ ያሰላል፦
ከወልድያ መኪና፣ ከሱቆቹ ኪራይ፣
ከመጸዳጃው በር፣ ከተራ አስከባሪው ላይ፣
ከጋሪው ማቆሚያ፣ ከሻይ ቤቷ ግብር፣
ከጦይባም መደብ ነው፣ በየቀኑ ሁለት ብር።
ያበደረችንን መልሰን ልንከፍላት
ማለዳ እንሄዳለን እሷኑ ልናስከፍላት።

መንገድ የተዘጋበት ያ ዓመት ባዶ ነው፤
አንድ መስመር አለ፣ «ገቢ የለም» የሚለው።
የከርሞው ክፍያ ሁለቱን ተሸከመ፣
ጣሪያው ሳይጠገን ከነቀዳዳው ከረመ።

ዛሬ ቀኑ ሞላ። መጣች ጦይባ ይዛ፤
ፌስታሉ ሽንኩርት ይሸታል፣ ወረቀቱም ወዛ።
ሰባቱን ሺህ ቆጥሬ ወለዱን ደረብሁ፤
ለይታ ገፋችው፤ እኔም መልሼ ገፋሁ።
«ወለድ አልበላም» አለች፣ «ሐራም ነው በኛ ቤት፤
ጣሪያውን ድፈኑበት፣ የመርሳ ተራ ያለበት።»

ገቢ፣ ወጪ፣ ዕዳ፣ ዓምድ በዓምድ ፈለግሁ፣
ለተመለሰ ወለድ ስፍራ አላገኘሁ።
ብዕሬን እንደያዝሁ በመስኮቱ ሳይ ውጭ፣
ከበሩ ጋ ቆማ፣ ይዛ ቲኬት ቆራጭ፣
አራት ሺህ ብር ትታ፣ አንገቷን ነቅንቃ፣
«ሦስት ብር መልሴን» ትላለች አጥብቃ።