ሁለቴ የተጻፈ ስም

ጣርማበር ጭጋጉን ቁልቁል ሲደፋ፣
ደብረ ሲና መንገድ አውቶብስ ሲጠፋ፣
የቆሎ ስልቻዬን በብብቴ ይዤ፣
ከሽያጬ ላይም ሃምሳ ሳንቲም መዝዤ፣
ቪዲዮ ቤት ነው ሩጫ፤
የማንያዘዋል ቤት፣ የባሕር ዛፍ መቀመጫ።

ትኬት ቆራጭ እሱ፣ ዘበኛም እሱ ነው፣
ጄኔሬተሩንም በገመድ የሚስበው።
በር ላይ ያስገባን ሰው ውስጥ ገብቶ ይቀድመናል፣
ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ይተረጉምልናል።
"ማን ያዘዋል?" እያለ በስሙ ሲቀልድ ሰው፣
"እታፈራሁ ናታ!" ብሎ ነው የሚመልሰው፤
እሷም ሻይ እያፈላች ከመጋረጃው ጓሮ፣
"ዋሸ! መቼ ሰምቶኝ ያውቃል ዘንድሮ!"

አንድ ካሴት ነበር፣ የፈረንሳይ ቀልድ፣
ያስያዘው መሐንዲስ፣ ሊያጠና የመጣ መንገድ፣
ለሆቴል ዕዳው።
ሲጀምር ጽሑፍ አለው። ፊደሉን ባንለይም
መልኩ አይጠፋንም፤
አንድ ስም ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣
ሌሎች ስሞች ያልፋሉ፣
ያው ስም ደግሞ ይመለሳል።
"ፊተኛው ለተዋናዩ፣" አለ ማንያዘዋል፣
"ኋለኛው ለአዛዡ፤ አንድ ሰው ነው፣ ሁለቱንም ይሠራል።"
እኔ ከኋላ አግዳሚ፣ "ታዲያ እሱን ማን ያዘዋል?"
ቤቱ በሳቅ ተናጋ።
የማንን ስም እንደጠራሁ የገባኝ ጆሮዬ ሲቆነጠጥ ነው።

ሰውየው ቀጭን፣ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ የተጣላ፣
በቢስክሌት ለራሱ ሠርግ የሚሮጥ፣
ባንድ እጁ መሪ፣ ባንድ እጁ ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ፤
ውሻ ሱሪውን ሲጎትት፣ ቄሱ ከደጅ ሲያጨበጭብ፣
ካደባባዩ ፏፏቴ ባፍጢሙ ድፍት!

እኛ ሆዳችንን ይዘን ስንንከባለል
እኔ አንድ ነገር አየሁ።
ከውሃው ብቅ ሲል፣ ክሬሙ ከቅንድቡ ሲንጠባጠብ፣
ዓይኑ ላንዲት ቅጽበት ወደ ጎን ሸርተት ይላል፣
ሚዛኑን ሰርቆ እንደሚያይ ነጋዴ።
"አወዳደቄ አማረ?" የሚል ይመስላል።
ማን ይመልስለት?
ከካሜራው ኋላ ያለው ወንበር የራሱ ነው፤
እሱ ደግሞ ውሃ ውስጥ ነው።

እዚያው እንደ ረጠበ ሦስት ቃል ይናገራል።
ማንያዘዋል ፈረንሳይኛ አያውቅም፤ ማን ሊከሰው?
ሰኞ፣ "ጠበሉ በስንት ነው?" ይለዋል፣
ረቡዕ፣ "ቧንቧውን ማን ከፈተው?"
በገበያ ቀን፣ የሸዋ ሮቢት ሰው ሲበዛ፣
"ወይ ቆላ! ምን አወጣኝ ወደ ደጋ!"
ሮቢቶች ባግዳሚው ላይ ይንበሻበሻሉ።

እታፈራሁ ታመመች።
ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሁለት ሳምንት፣
ከዚያ ድንኳን።
አርባዋ ሲወጣ ቪዲዮ ቤቱ ተከፈተ።
ከመጋረጃው ጓሮ ምድጃው አመድ ነው።
ያው ካሴት። ያው ውሻ። ያው ኬክ።
ሰውየው ወደቀ፣ ሳቅን፤ ብቅ አለ፣
ሦስቱን ቃል ተናገረ።
ማንያዘዋል ዝም።
ቆየት ብሎ፣ ለግድግዳው እንደሚያወራ፣
"ይበቃሃል የሚለኝ የለም" አለ።
አንዳንዱ ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት።
መብራትም ያኔውኑ ሄደ፤
ገመዱን ለመሳብ የተነሣ አልነበረም።

ዛሬ የጭነት መኪና ረዳት ነኝ።
ሾፌሬ ሮብሌ ጅቡቲ ያደገ፣
ፈረንሳይኛ እንደ ውሃ የሚጠጣ።
ጣርማበር ዋሻ ሳንደርስ
በድምፃቸው ብቻ ያኖርኳቸውን ሦስት ቃላት አልኩለት።
"'ውሃው ይቀዘቅዛል' ማለት ነው።"
"ብቻ?"
"ብቻ። ፏፏቴ ውስጥ ምን ይበል ታዲያ?"

ዋሻው ዋጠን።
ስንቴ ወድቆ ይሆን እዚያ ውሃ ውስጥ፣
አላማረም እያለ፣ ራሱን መልሶ እየላከ?
ፎጣ የያዘለትስ ነበር?
ዋሻው ሲተፋን ጭጋግ ነው፤
ደብረ ሲና ከታች አትታይም።

"የፊልሙ አዛዥ ማን ነበር?" አለኝ ሮብሌ፣ ማርሽ እየቀነሰ።
"ራሱ።"
"እሱንስ ማን ያዘዋል?"
"አዎ፣" አልኩት፣ "እሱ ነው።"
ያልሰማሁት መስሎት ደግሞ ጠየቀኝ።