ተንሳፋፊ ድልድይ

ሬይመንድ ፍሌት መጣ፣ የዊኒፔግን ጥር ከጫማው እያራገፈ፣
የጊታሩን ሣጥን እንደሚያስል ሕፃን በደረቱ እንዳቀፈ።
አሥራ አንድ ደረጃ ነው ወደ እኔ ምድር ቤት፤
ልጁ ዳርሲ ክርኑን ይዛ፣ አንድ በአንድ ቆጠረችለት።

ቀን ቀን የከተማ አውቶቡስ ፍሬን ነው የማጠብቀው፤
ማታ ማታ ደግሞ የሰው ጊታር ነው የምጠብቀው።

ከፈትኩት።
ድልድዩ ዝጓል፤ ዝገቱ ግን ዝም ብሎ አይደለም፣ ቅርጽ አለው፤
የመዳፍ ጠርዝ ነው፣ ሠላሳ ዓመት እዚያው ያሳረፈው።
የሠርግ ላብ፣ የመጠጥ ቤት ላብ፣ የዓርብ ማታ ላብ፤
ጨው ብረት ሲበላ እንደ ብል ነው፤ ድምፅ የለው፣ አይጠግብ።

ለማያውቅ ልንገረው፤ ይሄ ድልድይ ወንዝ አያሻግር፣
እንጨቱ ላይ አይተኛ፣ በሁለት ስለት ቆሞ የሚያድር።
ከፊት ስድስት ክር ይጎትተዋል፣
ከጀርባው ጉድጓድ ሦስት ሞላ ይመልሰዋል፤
አንዱን ክር ስታጠብቅ አምስቱ ይላላል፣
አምስቱን ስታባብል የመጀመሪያው ይከዳል።
እንደ ቤተሰብ ዕዳ ነው፤
አንዱ ሲበደር ሌላው ይጠየቃል።

መጀመሪያ የመጣው ዕቃ ሳተ።
ከሆዱ የሚወርደው ብረት አምስት ሚሊሜትር ረዘመ፣
በጊታሩ ጀርባ ወጥቶ እንደ እንቅርት ጉብ ብሎ ቆመ።
መለስኩት። አሥራ ሁለት ቀን ጠበቅኩ።
ሁለተኛው ሲመጣ፣ ማታውኑ፣ እራት ሳልበላ ጀመርኩ፤
እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሞተ ባትሪ ሸጎጥኩ፣
የክሮቹን ጭንቅላት ቆርጬ በየመንጋጋው አስነከስኩ፣
ሞላዎቹን በፒንሳ ስቤ መንጠቆው ላይ ሰካሁ፤
አንዱ አፈንግጦ አውራ ጣቴን ላጠኝ፣
በሚስቴ ቋንቋ ተሳደብኩ።
ከዚያ ማስተካከል። ደግሞ ማስተካከል። ሌሊቱ አጋመሰ።
ዋለለ፣ ዋለለ፣ እንደ ባልዲ ውሃ፤ በመጨረሻ ቀስ ብሎ ታገሰ።
በአንገቱ ጫፍ ያሉትን ሦስት መቆለፊያዎች ጠረቀምኩ።

ቅዳሜ መጡ።
ሬይመንድ ተቀመጠ፣ መዳፉን እንደ ጥንቱ አሳረፈ።
እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለት ዓመት አለፈ።
ስለቱ አዲስ ነው፣ ሁሉን ይሰማል፤
የእጁን ሕመም አንድ ሳያስቀር ወደ ድምፅ ይገለብጣል።
አንዱን ክር መታው፤ ድምፁ ተርገበገበ፣
እንደ ሻማ ጫፍ ወዲያ ወዲህ ተሳበ።
"ያምራል አባዬ" አለች ዳርሲ።
እኔም ያምራል ልል አፌን ከፍቼ ነበር።
እሱ ሳቀ።
"ይሄማ" አለ፣ "ሾርባ ስጠጣም አለ።
እኔ የምፈልገው አንድ ድምፅ ነው፤ አንድ፣ ቀጥ ያለ።"

አራት መቶ ዶላር የወጣበት፣ ሥራው መንሳፈፍ የሆነ ብረት!
ክርክር አላነሣሁም።
ከቦይለሩ አጠገብ የልጄ የሆኪ ዱላ አለ፣ ኅዳር ላይ የተሰበረ፤
በመጋዝ ሁለት ጣት የሚያህል ቆረጥኩ፣
ሞረድኩ፣ ለካሁ፣ ሞረድኩ፣
አንዱን ከብረቱ በፊት፣ አንዱን ከኋላው፣
ከሞላዎቹ ሥር ሸጎጥኩ።

መታው።
ድምፁ ወጣ፣ ግድግዳውን አልፎ፣ ቧንቧውን አልፎ ሄደ፣
በሜዳው ላይ እንዳለ የባቡር ሐዲድ፣
አንዴም ሳይታጠፍ፣ የትም ሳይወርድ ነጎደ።
እጁ ግን መንቀጥቀጡን አልተወም።
ድልድዩ ብቻ ነው ጆሮውን የደፈነ።

ሲወጣ የድሮውን ድልድይ ጠየቀኝ፤ ኪሱ ከተተ፣
ካፖርቱ በአንድ ወገን ዘመመ፣ በዝገት ክብደት ተጎተተ።
ዳርሲ ደረጃውን ወደ ላይ ቆጠረች።
ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ቆመው ተነፈሱ።

ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ።
ሙጫው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፣ ክዳኑም ተከፍቶ፤
እዚያው ደረቀ፣ ጠብታ ሳይወጣው፣ እስኪነጋ ሰንብቶ።
የእንጨቱን ስባሪዎች
አላጣበቅኳቸውም።