ቋጠሮ

በቺሎዌ ደሴት ቤት አገር ይለውጣል፤
ባለቤቱ ሲሻ ከነጣሪያው ይወጣል።
በሬ ይጎትታል፣ ባሕር ይሸከማል፣
ደቦው በአንድ ትንፋሽ «ሳብ! ሳብ!» ሲል ያዜማል፤
ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ፣
እንዲህ ነው ልማዱ የእንጨት ቤት ሲፈልስ፣ ሰፈር ሲለወጥ።

ሩደሲንዶ ጓዴ ሰባት ዓመት ሙሉ ጀልባ ሠርቶ ሸጦ፣
ሣንቲሙን በጣሳ ከምድጃው ኋላ ሸሽጎ አስቀምጦ፣
ማዶ ኮረብታ ላይ ቁራሽ መሬት ገዛ፣
ልጁ ኦቲልያ በጀልባ መንከራተት ትታ
ከትምህርት ቤት ደጃፍ አድጋ እንድትወዛ።
ጸለየበት ደግሞ። ሻማ አብርቶበታል፤
ቀኑን፣ ማዕበሉን፣ ነፋሱን ሳይቀር ለጌታ ነግሮታል።

ሐሙስ ማለዳ ነው፤ ጭጋግ አገር ከቦ፣
አሥር ጥማድ በሬ ቤቱን ወደ ውኃ አወረደው ስቦ፤
ባዶ በርሜል ሁሉ በወገቡ ዞሮ፣
እኔ ነኝ ያሰርሁት የገመዱን ቋጠሮ።

ሦስት ጀልባ ስቦት ቤቱ ሲንሳፈፍ፣
መጋረጃው ወጥቶ በመስኮት ሲከንፍ፣
ኤልሲራ ስትስቅ በአፏ ላይ እጇን ጭና፣
ልጅቷ ከጣሪያው ያረፉትን ወፎች ስትቆጥር ገና፣

ነፋስ ዞረ።

ማንም ያልጠበቀው፣ ከደቡብ የመጣ፤
ገመዱ አቃሰተ፤ ቋጠሮዬ ላላ፤ በርሜል ሾልኮ ወጣ።
ቤቱ እንደ ሽማግሌ በአንድ ጉልበቱ ወረደ፣
ውኃ ጠጣ፣ ጠጣ፤ ጣሪያው ለብቻው ሄደ፤
ከዚያ ጣሪያም የለም።
ወፎቹ ተነሡ።

ድግሱ አልቀረም። በጉ ታርዶ ነበር፣ ድንቹም ተቀቅሎ፤
በላን እንደ ለቅሶ፣ ሰው ዓይን ዓይኑን ሽሽቶ፣ አንገት አዘንብሎ።
ጸሎት መሪው ቆመ፤ «አባታችን ሆይ» አለ፤
«መንግሥትህ ትምጣ» ሲደርስ፣ ሩደሲንዶ አፉን ዘግቶ ተነጠለ።
«ፈቃድህ» የምትል ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቆማ፣
ወጣ ወደ ዝናቡ። ተከተልሁት እኔም፣ ባንድ እግር ጫማ፣ በጨለማ።

«ወንድሜ» አልሁት፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቋጠሮው ነው የላላው።»
ዝም ብሎ ባሕሩን፣ ቤቱን የዋጠውን፣ ብዙ ጊዜ አየው።
«አንተን አይደለም» አለኝ፣ «የምጠይቀው። ያን ነው።»
ጣቱን ወደ ሰማይ አነሣ። አወረደው።
«ነግሬው ነበር'ኮ። ቀኑን ነግሬዋለሁ፣
ሰምቶኛል ብያለሁ።»
ምን ብዬ ልመልስ? ጥቅስ አልመጣልኝም።
ካፖርቴን አውልቄ ትከሻው ላይ ጣልሁ።

በማግስቱ ባሕሩ እንደ ልማዱ ሸሸ፣ ጭቃውን አራቁቶ፤
በሩ ብቻ ተገኘ፣ ከነመዝጊያ ብረቱ፣ የባሕር ሣር ላይ ተኝቶ፤
በእርሳስ የተጻፈ የልጅቷ ቁመት፣ በዓመት በዓመቱ፣
ጨው ልሶት፣ አሸዋ ፍቆት፣ አሁንም ይነበባል ፊቱ።

ኤልሲራ ናት ያለች፦ «ያለን ይኸው ነው። ጠረጴዛ ይሁነን።»
በሁለት በርሜል ላይ፣ በዚያው በከዳን በርሜል፣ በሩን አጋደምን።
በእህቷ ጎተራ፣ በድርቆሽ መሐል፣ ሾርባ ተቀዳ፤
እኔም ተጠራሁኝ፣ ቋጠሮዬ የላላው፣ እንደ ክብር እንግዳ።

ልጅቷ ማንኪያ ይዛ «አባባ፣ አንተ ጸልይ» አለች፤
በሩ ላይ ካለችው ከአምና ቁመቷ አጠገብ ጠበቀች።
ጀመረ። «ስምህ ይቀደስ...» ቀስ አለ። «መንግሥትህ ትምጣ...»
ቆመ። ከቆርቆሮው ላይ ዝናቡን ሰማነው ከሩቅ ሲመጣ።
መዳፉን አኖረ በበሩ ላይ፣ ከእርሳሱ ምልክት አስጠግቶ፤
«ፈቃድህ...» ጠበቅን።
«...ትሁን» አለ፣ ሸክም እንደሚያነሣ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበቱን አበርትቶ።

ለምን እንደ ሰጠመ እስከ ዛሬ ድረስ የነገረን የለም፤
ኮረብታው ባዶ ነው፤ ለኦቲልያ ዛሬም የጠዋቱ ጀልባ፣ ብርዱ አልቀረላትም።
ባሕር ሲሸሽ ደግሞ፣ ከጭቃው መካከል አንድ ምሰሶ ይታያል፤
ሩደሲንዶ በዚያ ሲያልፍ፣ ባርኔጣ አንሥቶ፣ «እህ» ብሎ ይቀዝፋል።
እኔም ገመድ ሳስር፣ ሁለት ጊዜ ቋጥሬ፣ ሁለት ጊዜ አጥብቄ፣
ሦስተኛውን ለእርሱ እተውለታለሁ፣ የእጄን ልክ አውቄ።