የዴንማርክ በረኛ

ስልሳ ሦስት ነው ዘመኑ፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣
የሌሊት ፈረቃ ከክር ቤት ሲመለስ፣
የዘበኛው ራዲዮ በር ላይ አስቆመን፤
«ሴቶች ኳስ ገጥመዋል፣ ሜክሲኮ ላይ» አለን።
እልፍነሽ ሳቀችና፣ «ታዲያ ምን ይደንቃል?
ከአቃቂ ሜክሲኮ ባንድ አውቶቡስ ይደረሳል!»
አደባባዩን እንጂ አገሩን መች አወቅን፤
የሒሳብ ሹሙ ነው ካርታ ዘርግቶ ያሳየን፤
በሁለት ጣቶቹ መካከል
ውሃ፣ ውሃ ብቻ አየን።

«እንግዲያው እዚሁ!» አለች ጫልቱ ቆርጣ፤
በሲጋራ ካርቶን ስድስት አገር ተጽፎ ከሻሿ ዕጣ ወጣ።
ለኔ ዴንማርክ ደረሰኝ፤ ስሙን የማውቀው
ከሹሞቹ ጓዳ፣ ከቅቤ ቆርቆሮው ነው።
የኛን አገር ግን ማንም አልጻፋትም፤
ለምን እንደ ረሳናት ዛሬም አልገባኝም።

ኳሷ የክር ብጣሽ፣ ዝናብ ጠጥታ ከብዳ፣
ከወንዙ ዳር፣ ማቅለሚያው ባቀላው ሜዳ፣
ሦስት ሳምንት ተጋጥመን ለዋንጫ ቀረን ሁለት፤
ዴንማርክና ሜክሲኮ፣ እኔና አስካለ ማለት።

አንድ ለአንድ ነን። ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ።
አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፣
ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጠረች፣
ጡሩምባው ጮኸ።
ኳሷን ጭቃው ላይ ትተን ወደ ፋብሪካው በር ሮጥን፤
ያረፈደች ሩብ ቀን ይቆረጥባታል።

ዛሬ ጤና ጣቢያ፣ ሰልፍ ላይ፣ ምርኩዟን ይዛ፣
«ዴንማርክ! ጉልበትሽ እንዴት ከረመ?» ትለኛለች።
«ወይ ምቺ፣ ወይ ልቀቂኝ» እላታለሁ።
አራት እርምጃ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤
ሰልፉ ግራ ተጋብቶ
መንገድ ይለቅላታል።